የጨዋታ ደንብና የካርቱም ዋንጫ



ልጆች ባሉበት ስፍራ ሁሉ ጨዋታ አለ፤ ጨዋታ ባለበትም ስፍራ ሁሉ ደንብ አለ። በጠጠር የሚጫወቱ ሁለት ሕፃናት እንኳ እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት «እንዲህ ከሆነ የእኔ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ያንተ ነው» ተባብለው ይዋዋላሉ። መምህር በግቢው ውስጥ ተጠርቶ የሚፈርደው የልጆች ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «እገሌ ደንቡን አፈረሰ» የሚል ነው። ነገር ግን ክርክሩ ጠጋ ተብሎ ሲመረመር፥ ማንም ደንቡን ሳያፈርስ ደንቡ ራሱ ጎደሎ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ደንብ ያፈረሰውን ልጅ መቅጣት ቀላል ነው። ደንቡ ራሱ ሲበድል ግን የሚቀጣ ሰው አይገኝም፤ የተበደለው ልጅም አቤት የሚልበትን ቃል ያጣል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ሁለተኛው ነው።

ጎደሎ ደንብ ምን እንደሚመስል ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚታየው፥ ማንም ተጫውቶት በማያውቅ፥ በደራሲ ልብ ብቻ በተፈጠረ ጨዋታ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በ1989 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997) ባወጣችው በሃሪ ፖተር የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ኩዊዲች የሚባል ጨዋታ አለ። ሰባት ሰባት ሆነው በመጥረጊያ እንጨት ላይ ተቀምጠው በአየር የሚበሩ ተጫዋቾች ኳስ በቀለበት ውስጥ ይከትታሉ፤ አንድ ጊዜ በገባ ቁጥር 10 ነጥብ ይቈጠራል። ከሰባቱ አንዱ ግን ሌላ ሥራ የለውም፤ ክንፍ ያላትን ትንሽ የወርቅ ኳስ ፈልጎ መያዝ ብቻ ነው። እርሷን የያዘ ለወገኑ 150 ነጥብ ያስገኛል፤ ጨዋታውም በዚያው ያበቃል።

የሒሳብ መምህር ይህን ሲሰማ ጣቱን ማጠፍ ይጀምራል። 150 ማለት 15 ጊዜ ኳስ ማግባት ማለት ነው። እንግዲህ ስድስቱ ተጫዋቾች ቀኑን ሙሉ ደክመው ከተቃራኒው ወገን በ14 ኳስ ቢበልጡ እንኳ፥ ያ አንዱ የወርቋን ኳስ ሲያጣት ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ደራሲዋ በአራተኛው መጽሐፏ የቡልጋሪያው ተጫዋች ኳሷን ይዞ ሳለ አየርላንድ 170 ለ160 እንድታሸንፍ አድርጋለች፤ ይህ ግን ሊሆን ይችላል የተባለው ነገር ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ ያሳያል እንጂ ደንቡን አያቃናም። በልብ ወለድ ውስጥ ይህ ነውር አይደለም። የወርቋን ኳስ የሚያሳድደው ልጅ የታሪኩ ባለቤት ነውና፥ ደንቡ የተቈረጠው በእርሱ ልክ ነው። ነውር የሚሆነው ሌሎቹ ስድስት ልጆች እናትና አባት ያሏቸው፥ በእውነተኛ ሜዳ የቆሙ ልጆች ሲሆኑ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሚድልበሪ ኮሌጅ ያሉ ተማሪዎች ጨዋታውን ከመጽሐፉ አውጥተው በምድር ላይ መጫወት በጀመሩ ጊዜ፥ የወርቋ ኳስ ዋጋ ወደ 30 ነጥብ ዝቅ ተደረገ። አንባቢ የታገሠውን ደንብ ተጫዋች አልታገሠውም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንግዳ የሚመስል ደንብ ሁሉ ጎደሎ ነው ማለት አይደለም። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ለዚህ ምስክር ነው። በሌላው ዓለም ሰንጠረዥ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ያንቀሳቅሳሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን ጨዋታው በወረራ ይጀምራል፤ ይኸውም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ወደዱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህን በወረቀት ላይ ያነበበ የውጭ አገር ሰው «እጁ የፈጠነው ሁሉን ይወስዳል» ሊል ይችላል። ነገር ግን አንዱ ያሰለፈውን ሌላው እያየ የራሱን አሰላለፍ መልሶ ለማረም ስለሚችል፥ ፍጥነት ብቻውን አያዋጣም፤ ዓይንና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ደግሞም በጉልበተኞቹ ጠጠሮች ንጉሥን ማስጨነቅ እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፥ በደካሞቹ ማስጨነቅ ይመሰገን ነበር። ስለዚህ ድል አንድ ሚዛን፥ ክብር ሌላ ሚዛን ነበራቸው። ደንብ የሚመዘነው በንባብ ሳይሆን ተጫዋቹን ምን እንዲያደርግ እንደሚያስገድደው በማየት ነው።

በእውነተኛ ሜዳ ላይ የታየውን ለመመልከት ከካርቱም የሚሻል ስፍራ የለም። ከግሼ የተነሣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት በዚያ ከተማ፥ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ጀምሮ ጦርነት ሕዝቡን በትኖ ብዙ ነገር አፍርሷል። የአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ግን መነሻው እዚያ ነው። በ1949 ዓ.ም. የካቲት 1 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957) የግብፅ፥ የሱዳን፥ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽኖች በካርቱም የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ፤ ከሁለት ቀን በኋላም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ተጀመረ። ሱዳን ነፃ ከወጣች ገና ከአንድ ዓመት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነበራት።

አራት አገሮች ሁለት ሁለት ሆነው ሊገጥሙ፥ ያሸነፉት ሁለቱም በፍጻሜው ሊገናኙ ነበር። ግብፅ ለሱዳን፥ ኢትዮጵያ ለደቡብ አፍሪካ ደረሱ። ይህ ለአራት ቡድን ከሁሉ የቀና ደንብ ነው፤ ሁሉም እኩል አንድ ጨዋታ ይጫወታል፥ ያሸነፈም እኩል ሁለተኛ ይጫወታል። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን፥ የአገሩ መንግሥት በቆመበት በዘር የመለያየት ሥርዓት ምክንያት፥ ነጮች ብቻ ያሉበትን ቡድን ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እልካለሁ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለ። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች።

ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር፤ ሊከራከሩበትም አይገባም። ከደንብ ሁሉ የሚቀድመው ደንብ ማን መጫወት ይችላል የሚለው ነው፤ እርሱ በቆዳ ቀለም ከተወሰነ የቀረው ደንብ ሁሉ ጌጥ ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ ትክክለኛው ውሳኔ በሠንጠረዡ ውስጥ ክፍት ስፍራ ትቶ ሄደ። ኢትዮጵያ የምትገጥመው አጥታ አንድ ጊዜ እንኳ ኳስ ሳትመታ ወደ ፍጻሜው አለፈች። የካቲት 3 ቀን ግብፅ ሱዳንን 2 ለ1 አሸነፈች። የካቲት 9 ቀን በፍጻሜው ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ0 አሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ የሚባለው መሐመድ ዲያብ አል-አጣር ነበር። ውድድሩ በሁለት ጨዋታ አለቀ።

እንግዲህ መዝገቡ ይታይ። ሱዳን አንድ ጨዋታ ተጫውታ በአንድ ጎል ብቻ፥ ያውም ዋንጫውን በወሰደው ቡድን፥ ተሸነፈች፤ ሦስተኛ ተባለች። ኢትዮጵያም አንድ ጨዋታ ተጫውታ በዚያው ቡድን በአራት ጎል ተሸነፈች፤ ሁለተኛ ተባለች። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁለተኛነት ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ በራስ ጥቅም ላይ የሚፈርድ ሚዛን ነውና እውነተኛ ሚዛን የሚባለው፥ ሊታለፍ አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ጨዋታ ማለፍ ስጦታ ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ነው። ግብፆች አንድ ብርቱ ጨዋታ አድርገው፥ ሜዳውን ለምደው፥ ጉድለታቸውን አይተው ገቡ። የእኛዎቹ ግን ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ካለችው ከአዲስ አበባ ከፍታዋ 400 ሜትር ወደማይሞላው ካርቱም ወርደው፥ በውድድር ሳይፈተኑ በቀጥታ ለዋንጫ ቆሙ። አንዱን ወገን ያለ አግባብ ከፍ ያደረገው ደንብ፥ ያንኑ ወገን ሳይዘጋጅ ለፈተና አቅርቦታል። በደንብ ጉድለት የተጠቀመ ሰው ብዙ ጊዜ ዋጋውን በኋላ ይከፍላል።

ምን ማድረግ ይቻል ነበር? መልሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ ተገኘ። በ1951 ዓ.ም. ግንቦት ወር በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫ ላይ የቀረቡት እነዚያው ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ግን ዕጣና ማለፍ ቀርቶ ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲገጥም ተደረገ። ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ0፥ ሱዳን ኢትዮጵያን 1 ለ0፥ ግብፅ ሱዳንን 2 ለ1 አሸነፉ። ግብፅ አንደኛ፥ ሱዳን ሁለተኛ፥ ኢትዮጵያ ሦስተኛ ሆኑ። ግብፅ በሁለቱም ዋንጫ ሱዳንን 2 ለ1፥ ኢትዮጵያን 4 ለ0 ነው ያሸነፈቻቸው፤ የጎሉ ቍጥር ሳይለወጥ የሁለቱ ማዕርግ ግን ተገለበጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቡድን ሊለወጥ ይችላልና ይህን እንደ ፍጹም ማስረጃ መውሰድ አይገባም፤ ነገር ግን ደንብ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት ማግኘት ያስቸግራል። ለዚህ ለውጥ ያስፈለገው ወጪም አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በሁለት ፈንታ ሦስት።

በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ አራት አገሮች ተሟልተው ስለ ነበሩ ክፍት ስፍራ አልነበረም። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ2፥ በፍጻሜውም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸንፋ ዋንጫውን አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ይህ ድል ከካርቱሙ ሁለተኛነት ለምን እንደሚጣፍጥ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ መንገዱ ሙሉ ነበር።

የትምህርት ቤት ኃላፊ ይህን ሁሉ የሩቅ ታሪክ ነው ብሎ እንዳያልፈው፥ የራሱን የስፖርት ቀን ያስታውስ። ሦስት ክፍሎች ሲወዳደሩ ዕጣ ይወጣል፤ ሁለቱ ይጋጠማሉ፥ አንዱ ያልፋል። ያለፈው ክፍል ጎበዝ ተብሎ ሳይሆን ወረቀቱ ስለ ወጣለት ነው ያለፈው። ለሦስት ክፍል ሁሉንም ከሁሉም ማጋጠም ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው፤ ለአራት ስድስት፥ ለአምስት ዐሥር ይሆናል። ክፍሎቹ በዝተው ጊዜ ሲያጥር ማለፍ የማይቀር ከሆነ፥ አምስት ክፍል ወደ ስምንት ቦታ ሲደለደል ሦስቱ ያለ ጨዋታ እንደሚያልፉ አስቀድሞ ለልጆቹ ተነግሮ፥ በሚከተለው ዓመት ያልፉ የነበሩት እንዳያልፉ ተራ ሊደረግ ይችላል። ልጅ መሸነፍን ይችላል። የማይችለው መቼ እንደ ተሸነፈ አለማወቅን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ጉዳይ ግን በዚያው በካርቱም ከ13 ዓመት በኋላ የታየው ነው። በ1962 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ ሱዳን ሲመለስ ተወዳዳሪዎቹ ስምንት ሆነው በሁለት ምድብ ተከፍለው ነበር። በካርቱሙ ምድብ ሱዳን፥ ኮት ዲቯር፥ ካሜሩንና ኢትዮጵያ ነበሩ። ካሜሩን ኮት ዲቯርን 3 ለ2 አሸነፈች፤ ኮት ዲቯር ሱዳንን 1 ለ0፤ ሱዳን ካሜሩንን 2 ለ1። ሦስቱም ኢትዮጵያን አሸነፉ፤ ሱዳን 3 ለ0፥ ካሜሩን 3 ለ2፥ ኮት ዲቯር 6 ለ1፤ ከስድስቱ ጎል አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ ነበር። እንግዲህ ሦስቱም ሁለት ሁለት አሸንፈው፥ አንድ አንድ ተሸንፈው፥ እኩል አራት ነጥብ ያዙ። የሚያልፉት ግን ሁለት ብቻ ነበሩ።

የተወሰነው ካገቡት ጎል የገባባቸውን በመቀነስ ነው። ኮት ዲቯር 9 አግብታ 4 ገብቶባታል፤ ልዩነቱ 5። ሱዳን 5 አግብታ 2 ገብቶባታል፤ 3። ካሜሩን 7 አግብታ 6 ገብቶባታል፤ 1። ካሜሩን ወደ አገሯ ተመለሰች። እዚህ ላይ የሒሳብ መምህር ጠመኔውን ያንሣ። በመቀነስ ፈንታ ማካፈል ቢሆን፥ ሱዳን ሁለት ተኩል፥ ኮት ዲቯር ሁለት ከሩብ ስለሚሆኑ፥ አንደኛዋ ሱዳን በሆነች ነበር። ሦስቱ እርስ በርሳቸው የተጋጠሙት ብቻ ቢቈጠርስ? ኮት ዲቯር 3 አግብታ 3፥ ካሜሩን 4 አግብታ 4፥ ሱዳን 2 አግብታ 2 ገብቶባታልና የሁሉም ልዩነት ባዶ ነው። ከዚያ አልፎ ብዙ ያገባ ይለፍ ቢባል፥ ካሜሩን አንደኛ ትሆንና የምትወድቀው ሱዳን ናት።

የወደቀችው ግን ሱዳን አልነበረችም። ሱዳን በሁለተኛነት አልፋ ግብፅን 2 ለ1 አሸነፈች፤ ይህም በ1949 ዓ.ም. ግብፅ እርሷን ያሸነፈችበት ቍጥር ነው። በፍጻሜውም ጋናን 1 ለ0 አሸንፋ የዋንጫው ባለቤት ሆነች፤ ቀኑም እንደ መጀመሪያው ፍጻሜ የካቲት 9 ነበር። አንዱ የሒሳብ መንገድ የአፍሪካ አሸናፊ ያደረጋትን አገር፥ ሌላው የሒሳብ መንገድ በምድቡ አስቀርቷት ነበር።

ታዲያ የትኛው ደንብ ነው ልኩ? ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ አለ የሚል ሰው ነገሩን በሚገባ አልመረመረውም። መቀነስ ብዙ ማግባትን ይሸልማል፤ ነገር ግን ደካማውን ያለ ርኅራኄ የመታውንም ይጠቅማል፤ በካርቱም ሦስቱን የለያቸው በኢትዮጵያ ላይ ያገቡት ጎል መሆኑ ይታወቃልና። ማካፈል የሚጠነቀቀውን ይሸልማል፤ ነገር ግን ከማጥቃት መከላከልን ያስመርጣል። እርስ በርስ የተደረገውን ብቻ መቍጠር ብርቱዎችን በብርቱዎች ይመዝናል፤ ነገር ግን ደካማውን ቡድን ጭራሽ እንዳልነበረ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ደንብ ከሚያደርገው ነገር ጋር የሚያስተምረው ነገር አለ። ስለዚህ መምረጥ ግዴታ ነው፤ ምርጫው ግን መደረግ ያለበት ማን እንደሚጠቀም ከመታወቁ በፊት ነው። ካሜሩን ያዘነችው በሒሳቡ እንጂ በተንኮል አልነበረም፤ በመጨረሻው ቀን ጎሉ ከተቈጠረ በኋላ ደንብ ተፈልጎ ቢሆን ኖሮ፥ ሦስቱም አገሮች እስከ ዛሬ በተጣሉ ነበር።

የውጤት ካርድ የሚሞላ መምህር ከዚህ ሩቅ አይደለም። ሁለት ተማሪዎች እኩል ድምር ሲያመጡ ማን አንደኛ ይባላል? በአንዳንድ ስፍራ የፊደል ተራ፥ በአንዳንድ ስፍራ የሒሳብ ነጥብ፥ በአንዳንድ ስፍራም የመምህሩ ዝንባሌ ይፈርዳል። ዓመቱን ሙሉ የተሠራው የቤት ሥራና ሙከራ ሁሉ ተደምሮ ከመጨረሻው ፈተና ጋር ሲተያይ ኢምንት የሚሆንበት ትምህርት ቤትም አለ፤ በዚያ ትምህርት ቤት ብልሁ ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ አይደክምም፥ የወርቋን ኳስ ይጠብቃል። ሰነፍ ነው ተብሎ ይወቀሳል እንጂ፥ እርሱስ ደንቡን ከመምህሩ ይልቅ በሚገባ አንብቦታል። ይህን ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። አዲስ ደንብ ከመጽናቱ በፊት ለክፍሉ አንብቦ «በዚህ ደንብ ሳይደክም ማሸነፍ የሚችል ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጆች ከማንኛውም ሹም ቀድመው ቀዳዳውን ያገኙታል፤ ቀዳዳውን የነገረም ልጅ መመስገን አለበት እንጂ እንደ አመፀኛ መታየት የለበትም።

በሜዳ የታገለ ሰው በኋላ የሚፈርድበት ጊዜም አለ። በካርቱም አራት ጎል ያገባው አድ-ዲባ፥ በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ0 ባሸነፈችበት የዋንጫ ፍጻሜ በመካከል ቆሞ የነበረው ዳኛ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የዘር መለያየት ሥርዓት ሲፈርስ ወደ ማኅበሩ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ዋንጫውን በአገሯ አስተናግዳ፥ ኔልሰን ማንዴላ በተገኙበት ፍጻሜ ቱኒዚያን 2 ለ0 አሸንፋ ወሰደችው። በዚያ ውድድር ናይጄሪያ ስላልመጣች አንዱ ምድብ ልክ እንደ 1949ኙ ክፍት ስፍራ ይዞ ተጀመረ። ጋቦን፥ ላይቤሪያና ዛየር ብቻ ቀሩበት። ሦስቱ ግን እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ፤ ላይቤሪያ ጋቦንን 2 ለ1፥ ጋቦን ዛየርን 2 ለ0፥ ዛየር ላይቤሪያን 2 ለ0 አሸነፉ። ሁሉም ሦስት ሦስት ነጥብ ያዙ፤ በጎል ልዩነት ጋቦንና ዛየር አለፉ፥ ላይቤሪያም ሁለት ጨዋታ ተጫውታ ወደ አገሯ ተመለሰች።